የቆርኪ ጎማ ያለው ባቡር ለመምህር ምን ይጠቅመዋል?

«እናንተ ሰዎች መቼ ነው የምታድጉት?» እየተባልን ሰንብተናል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በመርጃ መሣሪያ ክፍሉ ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ለሌላ ሥራ ስለምትፈለግ ባቡራችንን እንድናነሳ ተነገረን። ጠረጴዛዋ ብትሄድ አንሞትም። ነገር ግን ከመሄዷ በፊት ጥቂት ቃል ብንናገር ደግ ነው ብለን ይህችን ጽሑፍ ለግድግዳ ጋዜጣችን አቅርበናል።

ውድ አንባብያን፣ እኛ ባቡር ወዳዶች ነን። አምስት እጩ መምህራንና ከመምህራኖቻችን አንድ፤ ስማቸውን እንዳናወጣ ለምነውናል። በድሮ ፎቶግራፍ ላይ ፉርጎ ስንቆጥር እናመሻለን። ስለ አንድ የጭስ ማውጫ ቅርጽ እራት እስኪያልፈን ተከራክረን እናውቃለን። ከመካከላችን የድሮውን የሚወድና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኤሌክትሪክ ባቡር የሚወድ አለ፤ እነዚህ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ባይቀመጡ ይሻላል። የአዲሱ ሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር፣ የድሮው 1 ሜትር ነውና ባቡሮቹም እንደ ወዳጆቻቸው አንዱ በሌላው መንገድ አይሄድም።

ደስታው የት ላይ ነው? ላሉን መልሳችን፦ ማካፈል ላይ። የዓለም ሞዴል ሠሪዎች በብዛት የሚሠሩበት መጠን 1 ለ87 ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚደርሰው የድሮው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ለ87 አካፍሉት፤ 9 ኪሎ ሜትር ይመጣል፣ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ። የሐዲዱ ስፋት የትንሽ ጣት ያህል፣ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። ከባሕር እስከ አዲስ አበባ ያለው ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ደግሞ ወደ 26 ሜትር ይወርዳል። በ9 ኪሎ ሜትር ውስጥ 26 ሜትር ምን አላት? ሜዳ ነው እኮ! ትላላችሁ። ባቡር ግን ሽቅብ አይወድም። ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል። መስመሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱን ትቶ በግርጌው ያለፈውም፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የምትባል ከተማ የተወለደችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህንን እኛ ከመጽሐፍ አንብበነው ነበር፤ የገባን ግን የሰርዲን ቆርቆሮ ፉርጓችን ከካርቶን ዳገታችን ላይ ቁልቁል የተመለሰ ቀን ነው።

ሌላም አለ። ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ አፍ ለአፍ አጣብቁና በሁለት ትይዩ ዘንጎች ላይ አንከባሉ። ወዲያ ወዲህ ቢልም ራሱን እያቃና ይሄዳል። አሁን ቂጥ ለቂጥ አጣብቋቸው፤ ሁለት ክንድ ሳይሄድ ይወድቃል። የባቡር ጎማ በውስጥ በኩል ወፈር፣ በውጭ በኩል ቀጠን ተደርጎ የሚሠራው ለዚህ ነው። በመለማመጃ ትምህርት ቤት አንዳችን ይህን ለስድስተኛ ክፍል አሳይቶ ነበር። ልጆቹ ደወል ተደውሎ እንኳ አልወጣ አሉ። (ትምህርቱ ሲጀመር ግን «ባቡር ምንድን ነው?» ቢላቸው ግማሾቹ ስለ ወፍጮ ቤት ነገሩት። አልተሳሳቱም፤ በአገራችን ወፍጮውም ባቡር ነው።)

ስለ መታጠፊያ ስናወራ ቀልዱ ይቀራል። ሞዴላችን ፍጥነት ሲበዛበት ኩርባው ላይ ይገለበጣል፤ እንስቃለን፣ አንስተን እናቆመዋለን። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ መንገደኛ የጫነ ባቡር ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። ከመካከላችን የአንዱ አያት ምድር ባቡር ይሠሩ ነበር። ይህን ቆርቆሮ ባቡር አይተው ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መታጠፊያው ላይ ቀስ በሉ።» ከዚያ ወዲህ በፍጥነት ለመሳቅ መንዳት ትተናል።

የሚነቅፉን ሰዎች ሁሉ ተሳስተዋል አንልም። በፈተና ሳምንት ቀለም ስንቀባ አምሽተናል፤ ጥፋታችን ነው። የክፍሉን ሙጫም ጨርሰናል፤ እሱን እንተካለን። ጨዋታ ነው የሚባለውንም አንክድም። ጨዋታ ነው፣ ለዚያውም ደስ የሚል። ግን ነገ አንድ መርጃ መሣሪያ የሌለበት ትምህርት ቤት ስንመደብ ከቆርኪ ጎማ፣ ከቆርቆሮ ፉርጎ መሥራት የሚችል እጅ ከየት ልናመጣ ነው? ለሥዕል ኤግዚቢሽን ጠረጴዛ ይገኛል፣ ለዋንጫ መደርደሪያ ይገኛል። ለእኛ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር ታንሳለች?

ጠረጴዛዋ የግድ ከተፈለገች ከመስኮቱ በላይ ያለውን ባዶ መደርደሪያ ቢሰጡን እንስማማለን። ኩርባውን ጠበብ ማድረግ ይኖርብናል እንጂ መስመሩ ይገባል፤ ለክተነዋል። እስከዚያው ሐሙስ ከ11 ሰዓት በኋላ ክፍሉ ክፍት ነው። ሁለት እኩል ኩባያ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የእኛዎቹ ተሰነጣጥቀዋል።