ለቪዛ ብቻ የተገዛ ወረቀት

ግንቦትና ሰኔ በመጡ ቁጥር የግቢያችን ወሬ አንድ ነው። እገሌ የትምህርት ዕድል አገኘ፤ እገሊት ወደ ጀርመን ልትሄድ ነው፤ ያኛው ደግሞ የአሜሪካውን ደብዳቤ በመጠባበቅ ላይ ይገኛል። እኛም በዚህ ደስ ይለናል እንጂ አንቀናም፤ ጥቂት ብንቀናም ለሰው አንናገርም። ዳሩ ግን ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት አንድ ጉዳይ ለማንሣት እንወዳለን፤ እርሱም የኢንሹራንስ ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንቅልፍ የሚያመጣ መሆኑን እናውቃለን። ተማሪውም ይህንኑ ስለሚያውቅ መጨረሻ ላይ ያደርገዋል። ፓስፖርቱ ወጣ፤ የትምህርት ማስረጃው ተተረጎመ፤ የባንኩ ደብዳቤ በስንት ደጅ ጥናት ተገኘ፤ ለኤምባሲው ቀጠሮ አንድ ቀን ሲቀረው ግን አንዱ ወዳጁ «ኢንሹራንስስ?» ይለዋል። ያን ጊዜ በአቅራቢያው ወዳለው ቢሮ ይሮጥና «ከሁሉ ርካሹን ስጡኝ» ይላል። ሻጩም ለምን እንደሚሄድ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ይመለስ አይመለስ አይጠይቀውም። ስም፣ ቀን፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ማኅተም፤ አለቀ።

ለመሆኑ ይህ የተገዛው ወረቀት ምንድን ነው? የመንገድ ኢንሹራንስ የተሠራው ሄዶ ለሚመለስ ሰው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ዓ.ም. ያወጣው የቪዛ ደንብ የሼንገን ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን እንዲኖረው ያዝዛል። ሽፋኑም በሼንገን አገሮች ሁሉ የሚሠራ ሆኖ ድንገተኛ ሕክምናን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስንና ሞትን የሚጨምር መሆን አለበት። ይሁን እንጂ ይህ ደንብ የወጣው ከ90 ቀን ለማይበልጥ ቆይታ ነው። ለሁለትና ለሦስት ዓመት ትምህርት የሚሄድ ሰው እንግዳ መሆኑ ቀርቶ ነዋሪ ይሆናል፤ ብዙዎቹ የመንገድ ውሎችም ሰውየው አገር ለውጦ መኖር ሲጀምር ዋጋቸው ያበቃል። ይህ ሁሉ በውሉ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ የሚያነበው ግን የለም።

ከእኛው መካከል ወጥቶ ወደ ጀርመን አገር የሄደ አንድ ልጅ የ15 ቀን ወረቀት ይዞ ነበር የተሳፈረው። ገና በዩኒቨርሲቲው ሳይመዘገብ በ19ኛው ቀን ትርፍ አንጀቱ ታመመ። ሐኪሞቹ አዳኑት፤ ሂሳቡ ግን በፖስታ ተከትሎት መጣ። እዚያ ያሉ ያገራችን ልጆች አዋጥተው ከፊሉን ከፈሉለት፤ ቀሪውን በየወሩ እየቈረጠ ነው። አራት ቀን ለመቈጠብ የተከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

እንግዲህ ወጪን ለመቀነስ የሚቻለው ርካሹን በመፈለግ አይደለም፤ የሚያስፈልገውን ለይቶ በማወቅ ነው። በጀርመን ዕድሜው 30 ዓመት ያልሞላ ተማሪ በሕግ በተቋቋመው የሕዝብ የጤና መድን በተማሪ ዋጋ ሊገባ ይችላል፤ ክፍያው በወር ከ100 ዩሮ በላይ ቢሆንም ሕክምናውን በሰፊው ይሸፍናል። ስለዚህ ከአገር ቤት የዓመት ኢንሹራንስ ገዝቶ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው፤ የሚያስፈልገው ከአውሮፕላን ከወረደበት ቀን አንሥቶ ምዝገባው ተፈጽሞ የሕዝቡ መድን እስኪጀምር ድረስ ያለውን ክፍተት የሚሞላ ነው። ለዚህም ጥቂት ሳምንት ትርፍ መጨመር ብልህነት ነው፤ ምዝገባ ይዘገያልና። ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ከሕዝቡ መድን ነፃ ልሁን፣ የግሉ ይርከሰኛል ብሎ አንድ ጊዜ የፈረመ ተማሪ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ ሐሳቡን ለመለወጥ አይችልም። 30 ዓመት ያለፋቸው መምህራኖቻችንም የተማሪው ዋጋ በአብዛኛው እንደማይደርሳቸው አስቀድመው ቢያውቁት ይሻላል።

ወደ እንግሊዝ አገር የሚሄደው ከስድስት ወር በላይ የሚቆይ ከሆነ የጤናውን ክፍያ ከቪዛው ማመልከቻ ጋር አስቀድሞ ይከፍላል፤ ይህም ለተማሪ በዓመት 470 ፓውንድ የነበረው በ2016 ዓ.ም. 776 ፓውንድ ሆኗል። ይህን የከፈለ ሰው በመንግሥቱ የሕክምና አገልግሎት ስለሚገለገል፣ በላዩ ላይ ትልቅ የሕክምና ኢንሹራንስ መግዛቱ ለምን እንደሆነ አይገባንም።

የአሜሪካው ነገር ከሁሉ የተወሳሰበ ነው። በጄ 1 ቪዛ የሚሄድ ሰው ለአንድ ሕመም ወይም አደጋ ቢያንስ 100,000 ዶላር፣ ለሕክምና ወደ አገር ለመጓጓዝ 50,000፣ አስከሬን ለመመለስ 25,000 ዶላር የሚሸፍን ውል እንዲኖረው መንግሥቱ ያስገድዳል፤ ከራሱ ኪስ መጀመሪያ የሚከፍለውም ከ500 ዶላር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በኤፍ 1 የሚሄደውን ግን መንግሥቱ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ነው የሚያስገድደው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የራሳቸውን ኢንሹራንስ ከትምህርት ክፍያው ጋር ደምረው ያስከፍላሉ። ከአዲስ አበባ ሌላ ገዝቶ የሄደ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። «የራሴ አለኝ» ብሎ ማመልከት የሚፈቀድበት ቦታ አለ፤ ነገር ግን ቀነ ገደብ አለው፣ የሚቀበሉትም ከእነርሱ የማያንሰውን ብቻ ነው።

ዋጋውስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አረቦኑ በዶላርና በዩሮ የሚተመን ውል ሁሉ ለእኛ ኪስ ከብዷል። 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏልና። ተማሪው ርካሹን ቢመርጥ አንፈርድበትም። የምንለው፣ ርካሹን ሲመርጥ ምን እንደተቀነሰለት ይጠይቅ ነው። መጀመሪያ ከኪሱ የሚከፍለውን መጠን ከፍ አድርጎ አረቦኑን ዝቅ ማድረግ አንድ መንገድ ነው፤ ለድንገተኛ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ላለው ሰው ጥሩ ነው፤ ለሌለው ግን አይበጅም። ሆስፒታሉ በቀጥታ ከኩባንያው ይቀበላል ወይስ ራስህ ከፍለህ በኋላ ትጠይቃለህ? ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ ይመለሳል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ሳይጠይቁ መፈረም ደግ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ እንናገራለን። አስም ወይም ስኳር ያለበት ልጅ አረቦን እንዳይጨምሩበት ፈርቶ ይደብቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን ግን መድን ገቢው ስለ ራሱ የሚያውቀውን በትክክል እንዲናገር ያስገድደዋል፤ አውቆ የደበቀም ውሉ ይፈርስበታል። የውጭዎቹም ከዚህ የሚለዩ አይደሉም። ቀድሞ የነበረ ሕመምን የማይሸፍኑ ውሎች ብዙዎች ስለሆኑ መድኃኒትን ለጥቂት ወራት ከሐኪም ማዘዣ ጋር ይዞ መሄድ የሚመረጥ ነው።

እናቶቻችንና አባቶቻችን አረቦን የሚባል ቃል ሳይሰሙ እድርን ያውቁ ነበር። ብቻውን የማይችለውን ብዙ ሆኖ መቻል ምን እንደሆነ ለእኛ ማንም ሊያስተምረን አይገባም። ታዲያ በየዓመቱ ከዚህ ግቢ ተነሥተው የሚሄዱት ተማሪዎችና መምህራን እያንዳንዳቸው ለየብቻ በመስኮት ፊት ቆመው «ርካሹን ስጡኝ» የሚሉት ስለምንድን ነው? የተማሪዎች ማኅበራችን የሚሄዱትን በሚያዝያ መዝግቦ፣ ቍጥራቸውን ይዞ፣ ከሦስት ወይም ከአራት ኩባንያዎች የቡድን ዋጋ ይጠይቅ። የሕግ ተማሪዎች ውሎቹን አንብበው በሚገባን አማርኛ አሳጥረው ይጻፉልን፤ ለእነርሱም ልምምድ ይሆናቸዋል። የውጭ ትምህርት ዕድልን የሚከታተለው ቢሮም ደብዳቤውን ለተማሪው ሲሰጥ የሚሄድበት አገር የሚጠይቀውን ኢንሹራንስ በአንድ ገጽ አያይዞ ይስጠው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ እስቴንስልና ጥቂት ወረቀት ነው፤ ቢሮው ወረቀት አጠረኝ ካለ ይህ ጋዜጣ ከራሱ ድርሻ ለመስጠት ዝግጁ ነው።