የጣና ዳርቻ ጉብኝት ከእስቴ ይጀምር

የባሕር ዳርቻ ጉብኝት ሲነሣ የብዙዎቻችን አሳብ ወደ ነጭ አሸዋና ወደ ሰማያዊ ውኃ ይሄዳል። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት ደግሞ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ይመስለናል። ይሁን እንጂ የጎንደርና የጎጃም ሰው ጣናን «ባሕር» ሲለው ኖሯል፤ የባሕር ዳር ከተማ ስምም ለዚህ ምስክር ነው። ለመካነ ኢየሱስና ለአካባቢዋ ሕዝብ የቅርቡ ባሕር ይኸው ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ አንድ ነው፦ የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚጎበኝ ሰው ጉብኝቱን ከውኃው ዳር ሳይሆን ከጉና ተዳፋትና ከእስቴ ሸንተረር ቢጀምር ያየውን በትክክል ይረዳል።

ዳርቻው መስመር አይደለም

በካርታ ላይ የሐይቅ ዳርቻ ቀጭን መስመር ሆኖ ይሣላል። በፎገራ ሜዳ ግን እንዲህ ያለ መስመር የለም። የጣና ውኃ በሰኔ አካባቢ ዝቅ ይላል፤ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በሺህ ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ሜዳ ብንወስድ፣ የውኃው ሜትር ተኩል መውረድ ዳርቻውን አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያሸሸዋል። ገበሬው ይህን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። ከዚህ የተሻለ ሳይንሳዊ ስያሜ ለማግኘት ያስቸግራል።

ሆላንድ፣ ጀርመንና ዴንማርክ በሚጋሩት የዋደን ባሕር ዳርቻ ውኃው በጨረቃና በፀሐይ ስበት በየቀኑ ሁለት ጊዜ ገደማ እየሸሸ ይመለሳል። ጎብኚዎች በአስጎብኚ እየተመሩ በጭቃው ላይ ይራመዳሉ፤ ባዶ መሬት ነው ብሎ የሚያርሰው ግን የለም። ስፍራው እ.ኤ.አ. በ2009 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የእኛ ባሕር የሚሸሸው በዓመት አንድ ጊዜ በመሆኑ፣ በሸሸባቸው ወራት የሚመለስ መሆኑን ለመርሳት ሰፊ ጊዜ እናገኛለን።

ረግረጉ ምን ይሠራል?

በርብና በጉማራ ወንዞች መካከል የሚገኙት የሸሸርና የወላላ ረግረጎች ለችኩል ጎብኚ ጭቃና ሣር ብቻ ናቸው። ለፊዚክስ ተማሪ ግን ትልቅ ማጣሪያ ናቸው። ዲያሜትሩ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሸዋ ቅንጣት በረጋ ውኃ ውስጥ አንድ ሜትር ለመስጠም ሁለት ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። 0.002 ሚሊ ሜትር የሆነ የሸክላ አፈር ቅንጣት ግን ከሦስት ቀን በላይ ይፈልጋል፤ የመስጠም ፍጥነት በዲያሜትሩ ካሬ ልክ ይቀንሳልና። ጣና ደግሞ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ይታመሳል። ደቃቁ አፈር የሚረጋበትን ጸጥታ የሚያገኘው የደንገልና የሣር አገዳዎች ፍሰቱን በሚሰብሩበት ረግረግ ነው። ረግረጉ ሲታረስና ውኃው በቦይ ሲንጠፈጠፍ ደለሉ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ብርሃን ወደ ታች መዝለቅ ያቅተዋል፤ ከአፈሩ ጋር የሚመጣው ንጥረ ምግብም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን ለወረረው እምቦጭ ቀለብ ይሆናል።

አፈሩ ከየት መጣ?

ጉማራ ከጉና ተራራ ይነሣል፤ የተፋሰሱም ከፊል በእስቴ ምድር ነው። በሐምሌ በድልድዩ ሥር የሚያልፈው ቀይ ውኃ የተዳፋት ማሳዎቻችን አፈር ነው። በጣና ብቻ ከሚገኙት የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አንዳንዶቹ በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ገባሮቹ ሽቅብ ወጥተው በጠጠር ላይ ይራባሉ። እንቁላሎቻቸው ንጹሕና አየር የበዛበት ውኃ ይሻሉ፤ ደለል ከሸፈናቸው ይታፈናሉ። ስለዚህ በእስቴ የተሠራ አንድ እርከን ዓሣ አጥማጁንም ይመለከተዋል።

የጣና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ዕውቅና አግኝቷል። እንዲህ ያለ ክልል የሰውን ኑሮ አያወግዝም፤ ጥብቅ፣ መከለያና የልማት ቀጠናዎችን ለይቶ ሁሉንም ለማስታረቅ ይሞክራል። የፎገራ ገበሬ ሩዝ የሚዘራውና ከብት የሚያሰማራው ልጆቹን ለማሳደግ ነው፤ እርሱን ብቻ መክሰስ ፍትሕ አይደለም። ሆኖም በባሕር ሸሽ መሬት የሚገኝ የአንድ ወቅት እህል የማጣሪያውን ዋጋ አይተካም። ካርታ ላይ የተሠመረ ክልልም ከበላይ የሚወርደውን አፈር አያቆምም። ተፋሰሱን የማይጨምር ጥበቃ ግማሽ ጥበቃ ነው፤ ሸክሙንም የላይኛውና የታችኛው ገበሬ፣ መንግሥትም ጭምር፣ ሊካፈሉት ይገባል።

በመሆኑም የጸጥታው ሁኔታ በፈቀደ ጊዜ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች የጣና ጉዟቸውን እንደገና ቢነድፉት መልካም ነው። ተማሪው መጀመሪያ በእስቴ ተዳፋት ላይ ቆሞ የታጠበውንና የታከመውን መሬት ያነጻጽር። ቀጥሎ ከጉማራ ድልድይ በጠርሙስ ውኃ ቀድቶ ለማጥራት የሚፈጀውን ቀን ይቁጠር። በመጨረሻም ወደ ዳርቻው ይውረድ፤ ወፎቹን ሳይረብሽ ከርቀት ይመልከት፤ ቢልሃርዚያ ስላለም ዳር ዳሩን ለመዋኘት አይቸኩል።

እንዲህ ያለ ጉዞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚያስፈልገው ጠርሙስ፣ ሰዓትና ማስታወሻ ደብተር ነው። ጠርሙሱ ለሦስት ቀን በክፍሉ መስኮት ላይ ይቀመጥ፤ ከሥሩ የሚረጋው አፈር የማን ማሳ እንደ ነበረ ተማሪዎቹ ይወያዩበት።