ኒኪ ምን ትፈልግ ነበር? ለሃዋርድ ኦቨርማን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለ«ሚስፊትስ» ደራሲ ለአቶ ሃዋርድ ኦቨርማን
ከአምቡሊ፣ ጅቡቲ

አቶ ሃዋርድ፣ ምስጋናው ይቅደም። በ2009 (ዓመቶቹን ሁሉ በእርስዎ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) «ሚስፊትስ»ን ሲጀምሩ፣ ፍርድ ቤት የማኅበረሰብ አገልግሎት የፈረደባቸውን አምስት ወጣቶች ብርቱካናማ ቱታ አልብሰው፣ በአንድ ማዕበል ልዩ ኃይል ሰጥተው፣ የሳይንስ ልቦለድን ከጠፈር መርከብ ወደ ለንደን ዳር የኮንክሪት ሰፈር አወረዱት። በማግስቱ ዓመት ባፍታ የምርጥ ተከታታይ ድራማ ሽልማት ሲሰጠው የሚገባውን ነው ያገኘው። ከዚህ በላይ ለማመስገን ግን አፌ አይታዘዝልኝም። በዚያው በ2010 በገናው ልዩ ዝግጅት ኒኪን የገደሉበት መንገድ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል ይሉኝ ይሆናል። ድራማው አልፏል፤ አሠራሩ ግን አላለፈም፣ በየዓመቱ በየጣቢያው ይደገማል።

ኒኪን የተጫወተችው ሩት ነጋ አዲስ አበባ የተወለደች፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ አይሪሽ የሆነች ተዋናይ ናት። ስሟ በዝርዝሩ ላይ ሲወጣ አማርኛ ተናጋሪ ተመልካች የራሱን ሰው ያየ ያህል ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ክርክሬ ግን የወገን ክርክር አይደለም፤ ከአጻጻፉ ነው የምነሳው። ኒኪ ልቧ የታመመ ወጣት ነበረች። ኦሊ የሚባል ልጅ ወደ ቡድኑ በገባ በማግስቱ ያህል ተገደለ፤ የእሱ ልብ ለእሷ ተተከለ፤ ከልቡም ጋር ከቦታ ቦታ በቅጽበት የመሄድ ኃይሉ ተላለፈላት። እስቲ ይህን ቆም ብለው ይዩት። የማታውቀው ሟች ልብ ደረቷ ውስጥ ይመታል፤ የሟቹ ኃይል በእሷ አካል ይሠራል። በሕይወት የመቆየቷ ዕዳ የማን ነው? ቤተሰቦቹን ልትፈልግ ይገባታል? ኃይሉስ የእሷ ነው ወይስ የእሱ? ለሳይንስ ልቦለድ ደራሲ እንዲህ ያለ ሐሳብ በዕድሜው ስንት ጊዜ ይመጣለታል? እርስዎ ግን በሩን ከፍተው ሳይገቡበት ተመለሱ። ኒኪ ከአምስቱ የአንዱ፣ የኩርቲስ ፍቅረኛ ሆነች፤ ነገሩም እዚያው ቆመ። ራሷ ምን እንደምትፈልግ፣ ምን እንደምትፈራ፣ እነዚያን አምስቱን እንዴት እንደምታያቸው ታሪኩ ሊጠይቃት አልፈለገም።

ከዚያ ገናው መጣ። ልጆቹ ኃይላቸውን ሴዝ ለሚባል ሰው በገንዘብ ሸጡ፤ ጊዜን ወደ ኋላ መመለስ ይችል የነበረው ኩርቲስም እንደዚሁ። ኒኪ በጥይት ስትመታ ሊያድናት የሚችልበት ኃይል በእጁ የለም። የሞቷ ሥራ ይህ ብቻ ነው፦ ኃይላቸውን መሸጣቸው ስህተት እንደነበር ለነባሮቹ ማሳየት። በሞቷ ተምረው ሌላ ኃይል ገዙ፤ በ2011 በመጣው 3ኛ ምዕራፍም ኩርቲስ ወደ ሴት የመለወጥ ኃይል ይዞ ሌላ ታሪክ ጀመረ። የኒኪ ሐዘን ተሸካሚ አላገኘም። ስትገባም የሌላ ሰው ልብ ማስቀመጫ፣ ስትወጣም የሌላ ሰው ትምህርት መማሪያ ሆነች ማለት ነው። ቤት ጠርተው ጽዋ ያስያዟትን እንግዳ ጽዋው ሳያልቅ በጓሮ እንደ መሸኘት ነው።

«በዚህ ድራማ የማይሞት ማን አለ?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ ግን ሞት ከሞት ይለያል፤ ይህን ደግሞ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። በመጀመሪያው ክፍል ተቆጣጣሪው ቶኒ ሲገደል ሬሳው ተቀብሮ አልቀረም፤ እጮኛው ሳሊ በእሱ ቦታ መጥታ ስታነፈንፍ ያ ግድያ ምዕራፉን በሙሉ አሳደዳቸው። ከአምስቱ መካከል ሳይመንና አሊሻን ይውሰዱ፦ ከወደፊት የመጣው ሳይመን አሊሻን ለማዳን ጥይት ፊት ቆሞ ሲሞት፣ በ3ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ወጣቱ ሳይመን ወደ ኋላ ተጉዞ ያንኑ ሞት ሊቀበል እስኪሄድ ድረስ ታሪኩ ዕዳውን ይዞት ቆየ። ኒኪም የሞተችው በጥይት ነው፣ ከዚያው ከ2ኛው ምዕራፍ ማግስት። የእሷን ሞት ግን ማንም በዕዳ አልያዘውም።

«ክፍሎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ለአዲስ ሰው ጊዜ አልነበረም» ለሚለውም መልሱ ያለው እርስዎ ራስዎ በጻፉት ሩዲ ላይ ነው። ከአምስቱ አንዱ የነበረው ናታን ከወጣ በኋላ የመጣው ሩዲ ከባድ ቦታ ነበር የሚተካው፤ ተመልካቹም ሊጠላው ተዘጋጅቶ ነበር። እርስዎ ግን በመጀመሪያው ክፍሉ ብቻ ለሁለት እንዲከፈል አደረጉት፦ አንደኛው ሩዲ አፈኛና ባለጌ፣ ሁለተኛው ሆደ ባሻና ብቸኛ። ከአሊሻ ጋር የቆየ ታሪክ ሰጡት፤ ያንኑ ብርቱካናማ ቱታ አልብሰውም እንደ እነሱ ተፈርዶበት እንዲገባ አደረጉት። ለዚህ አንድ ክፍል በቃ። ኒኪ ቱታውን አልለበሰችም፤ ከቡድኑ ጋር የሚያስተሳስራት ጥፋትም ቅጣትም አልነበራትም፤ ያላት ገመድ ኩርቲስ ብቻ ነበር። ስለዚህ ጊዜ አጠረ የሚለውን አልቀበልም።

ሩት ነጋም የተሰጣትን ይዛ ምን እንደምታደርግ ለማየት ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም። በ2013 ወደ «ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ» ሬይና ሆና ገባች። እዚያም በ2015 ሞተች፤ ሆኖም ከዚያ በፊት የምትመኘው ነገር ነበራት፣ የተመኘችው ለውጥ አካሏን እሾህ አድርጎባት ስትሰቃይ አየን፣ ሞቷም መሪ የነበረችውን የጂያዪንግን እውነተኛ ማንነት ገለጠ። ተዋናይዋ ያው ሩት ናት፤ የተለወጠው ጽሑፉ ነው።

ይህ የሙያው ሁሉ ጣጣ መሆኑ አይጠፋኝም። በ1997 በ«ስታር ትሬክ፦ ቮዬጀር» ሴቨን ኦፍ ናይን ስትገባ ኬስ ወጣች፤ ሦስት ዓመት የተገነባች ሴት ቦታ እንድትለቅ ሆነች። የ«ስታርጌት» ደራስያን በ2002 ጆናስ ኩዊንን ሲያመጡ የሚተካውን የዳንኤልን እውነት እያወቀ ዝም ያለበትን ጸጸት አሸክመውት ነበርና ወንበሩን በራሱ ጥረት አገኘው፤ በ2003 ዳንኤል ሲመለስ ግን ወደ አገሩ ሰደዱት። በእኛ አካባቢ ያለችው ሞቃዲሾም የ«ስታር ትሬክ»ው የጆርዲ ላ ፎርጅ የትውልድ ከተማ ተብላ ተመዝግባለች፤ ያ ትውልድ ለሰውየው ምን እንደጨመረለት ቢፈለግ ግን ብዙም አይገኝም። ከእኛ አካባቢ የሚመጣ ሰው ለስሙና ለመልኩ ይፈለጋል፤ ታሪክ ሲታደል ይዘለላል። ጅቡቲ መጤ የሚበዛባት ከተማ ናት፤ ሰውን ማስገባትና ሰውን መቁጠር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አምቡሊ ላይ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

እርስዎ ከዚያ ወዲህ በ2019 «ዋር ኦፍ ዘ ወርልድስ»ን ጽፈዋል፤ ገና ሌላም ይጽፉ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ፦ በዚያ ገና ጥይቱ ኒኪን ቢስታት ኖሮ በ3ኛው ምዕራፍ ምን ልታደርግ ነበር? መልሱ ያኔ በማስታወሻዎ ላይ ተጽፎ ከነበረ ያውጡትና እናንብበው። ካልነበረ ግን ኒኪ የሞተችው ከጥይቱ በፊት፣ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ነው።

አክባሪዎ፣
አምቡሊ የሚኖር ተመልካች