ውሃ ሰው ሲወስድ «ቀደር ነው» ከማለታችን በፊት



ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ሰው ይወስዳል። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «ቀደር ነው» እንላለን። እውነት ነው። ግን ሰበብ ማድረስም ታዘናል፤ ሰበቡን ትቶ ቀደር ላይ መደገፍ ተወኩል ሳይሆን ስንፍና ነው።

የጳውሎስ ልጆች «ሆስፒታሉ እዚሁ ነው» ብለን እንጽናናለን። ነገር ግን ትንፋሹ የተቋረጠ ሰው አእምሮ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ መጎዳት ይጀምራል። መኪና እስኪገኝ ያ ጊዜ ያልፋል። የመጀመሪያው ሐኪም አጠገቡ የቆመው ልጅ ነው።

ያ ልጅ ዘሎ አይግባ። እየሰጠመ ያለ ሰው ያገኘውን አንቆ ይይዛል፤ አንዱ ለቅሶ ሁለት የሚሆነው እንዲህ ነው። ገመድ፣ ረጅም እንጨት ወይም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጄሪካን ያቀብለው። ሌላው ሰው 907 ወይም 939 ይደውል።

ከወጣ በኋላ ዘቅዝቆ መያዝና ሆዱን መጫን ይቅር። ጊዜ ይበላል፤ የሆዱንም ወደ ሳንባው ይልካል። የጎደለው አየር ነው። የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ በአፉ 5 ጊዜ ይንፋለት። ካልነቃ የደረቱን መሃል 30 ጊዜ ጠንከርና ፈጠን አድርጎ ይጫን፤ 2 ጊዜ ይንፋ፤ እርዳታ እስኪደርስ እንዲሁ ይቀጥል። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኝቶ ያሙቀው። «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይየው፤ ሳንባ ቆይቶ ሊታመም ይችላል።

«ሴት ብትሆንስ?» የሚል አይጠፋም። ዑለሞቻችን ዶሩራ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ነፍስ ልትወጣ ስትል አጅነቢይ ናት ብሎ ቆሞ ማየት የለም።

መከላከሉ ግን ይበልጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋው ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ውሃው የመጣው ደጋው ላይ ከጣለው ዝናብ ነበር። የእኛም ወንዞች ከእንጦጦ ይወርዳሉ። እዚህ ፀሐይ ሆኖ ላይ ሊዘንብ ይችላል። የሞላ ወንዝ አትሻገሩ፣ ልጆችን ከወንዝ ዳር አርቁ፣ ጉድጓድና በርሜል ክደኑ። ለሕፃን የባልዲ ውሃም ይበቃዋል።

የየመስጂዱ ጀመዓ ወጣቶች ሆይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ቀይ መስቀልን ጋብዛችሁ የመጀመሪያ እርዳታ ተማሩ። ጀናዛ ማጠብ ተምረናል፤ ነፍስ ማቆየትም እንማር። አላህ ይጠብቀን።