ከአሥር ሰርተፊኬት አንድ የሚሠራ ፕሮግራም

 

የመመረቂያ ዓመት ሲቃረብ በየዶርማችን የሚነሳው ወሬ አንድ ነው፤ ማስተርስ የት እናመልክት? አንዱ የቱርክን መንግሥት ስኮላርሺፕ ይጠቅሳል። ሌላው ሳዑዲ ያለውን የንጉሥ ዐብደላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያነሳል። ሌላዋ ኪጋሊ ስላለው ስለ ካርኔጊ ሜሎን አፍሪካ ወይም ስለ አውሮፓው ኢራስመስ ሙንዱስ ታወራለች። ግሬድ ይሰላል፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ዋጋ ይጠየቃል። የኮምፒውተር ሳይንስና የሶፍትዌር ተማሪ ከሆንን ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፤ ፖርትፎሊዮ አለህ ወይ? አለሽ ወይ? ማለትም ራሳችን ሠርተን ለሌላ ሰው ልናሳየው የምንችለው ሥራ አለን ወይ?

ፖርትፎሊዮ ብዙ ጊዜ በግዴታ የሚጠየቅ ሰነድ አይደለም። ይሁን እንጂ ማመልከቻ የሚያነብ መምህር ግሬዳቸው ተቀራራቢ የሆኑ ብዙ ልጆች ሲገጥሙት፣ በሲቪው ላይ ያለውን ሊንክ ከፍቶ ማየቱ የሚጠበቅ ነው። ሊንኩን ሲከፍት ምን ያገኛል? ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገን ይህ ጥያቄ ነው።

እርስ በርሳችን ሥራችንን ስንተያይ ያገኘነው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ካልኩሌተር፣ የሥራ ዝርዝር መያዣ፣ የአየር ሁኔታ የሚያሳይ ገጽ፣ ከዩቲዩብ እየተከተሉ የተሠራ የሱቅ ድረ ገጽ። ከሥሩ ደግሞ የሰርተፊኬት መዓት። ይህ ጎዳና ለማመልከቻችንም ለራሳችንም አይበጅም ብለን እናምናለን። ለአካባቢያችን ሰው የሚጠቅም አንድ ሥራ መርጠን፣ ጨርሰን፣ ሂደቱን በታማኝነት መዝግበን ብናቀርብ ይሻላል።

ሰርተፊኬትን ለማጣጣል አይደለም። በሐምሌ 2016 ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር የጀመረችው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ለብዙዎቻችን በነጻ በር ከፍቷል። ፕሮግራሚንግ ምን እንደሆነ መጀመሪያ ያየንበት ልጆች አለን። ነገር ግን ስሙ ራሱ ይነግረናል። አምስት ሚሊዮን ሰው እንዲይዘው የታቀደ ወረቀት አንዱን አመልካች ከሌላው ሊለይ አይችልም። መማራችንን ይናገራል፤ በተማርነው ምን እንደሠራን አይናገርም።

መድረሳ የቀራን ልጆች ይህን ልዩነት ከሕፃንነታችን እናውቀዋለን። ኡስታዝ ስንት ጁዝ እንደጨረስን ከአፋችን ሰምቶ አያልፍም። ቁጭ አድርጎ ያስቀራናል፤ መኽረጁ ላይ ስንሳሳት ያስቆመናል፤ እንደገና ያስጀምረናል። ኢጃዛ የሚሰጠውም ተቀርቶለት ነው፤ ማን ከማን እንደቀራ የሚናገር ሰነድም አለው። የፕሮጀክት ሥራም እንደዚሁ ነው። አንባቢው እኛን ማስቀራት ስለማይችል ኮዱን ይከፍታል፤ ኮዱ ከምን ተነስቶ የት እንደደረሰም ይመለከታል።

ምሳሌ እናንሳ፤ ሩቅ አንሂድ፣ ሐረርን እንያዝ።

በረመዷን ዋዜማ የአዲስ አበባ የሶላት ሰዓት ሰንጠረዥ በስልክ ከእጅ እጅ ይዞራል። ሐረር ያለ ሰው ያንን ሰንጠረዥ ይዞ ሱሑር ቢበላ ምን ይሆናል? ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ ስለዚህ አንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ነው። አዲስ አበባ በምሥራቅ ኬንትሮስ 38.75 ዲግሪ ግድም፣ ሐረር ደግሞ 42.1 ዲግሪ ግድም ላይ ናቸው። ልዩነቱ ሲባዛ 13 ደቂቃ ያህል ይመጣል። ፈጅር ሐረር ላይ የሚገባው አዲስ አበባ ላይ ከመግባቱ 13 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ነው ማለት ነው። በአዲስ አበባ ሰንጠረዥ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ የሚበላ የሐረር ጿሚ ፈጅር ከገባ በኋላ እየበላ ነው። ኢፍጧር ላይ ደግሞ ያለ ምክንያት ይዘገያል።

ቦታ ያበራንለት የስልክ አፕ ይህን ራሱ ያሰላል። ነገር ግን መስጊድ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ በኢትዮጵያ ቀንና በኢትዮጵያ ሰዓት የተጻፈ፣ በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ የሚነበብ የሐረር ሰንጠረዥ የሚያትም ፕሮግራም አንድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ሊሠራው ይችላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐረር ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችን ጠቅሷል። ከእነዚያ አንዱ ሰንጠረዡን ግድግዳው ላይ ቢለጥፈው ሥራው ተጠቃሚ አገኘ ማለት ነው።

አሁን ይህ ትንሽ የሚመስል ሥራ ምን ምን እንደሚጠይቅ እንቁጠር። የአገራችን ሰዓት የተቀመጠው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፤ ስለዚህ ሐረር ላይ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ግድም ነው። ይህም በዓመቱ ውስጥ እስከ ሩብ ሰዓት ያህል ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ፕሮግራሙ ያንን ማስላት አለበት። ለፈጅር የሙስሊም ዓለም ሊግ 18 ዲግሪ፣ የግብፁ ስሌት 19.5 ዲግሪ ይጠቀማሉ፤ በእኛ ኬክሮስ ልዩነቱ 6 ደቂቃ ያህል ነው። ዐስርን በሻፊዒይ ወይስ በሐነፊይ እናስላ? የትኛውን እንደመረጥንና ማንን ጠይቀን እንደመረጥን መጻፍ ይኖርብናል። የመጨረሻው ቃል የዑለማ ነው፤ የእኛ ድርሻ ስሌቱን ማቅረብ ነው። ከዚያ የሂጅራው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ነው፤ የኢትዮጵያው 13 ወር አለው። ጳጉሜን 6 የሆነችበትን 2015ን ፕሮግራሙ በትክክል ካላለፈ ሰንጠረዡ በአንድ ቀን ይዛነፋል።

ሂሳብ፣ የቀን አቆጣጠር፣ ሦስት ቋንቋ፣ ፍተሻ፣ ከሰው ጋር መነጋገር፤ ሁሉም በአንድ ሥራ ውስጥ አሉ። የአየር ሁኔታ ገጽ ሺህ ጊዜ ያየ መምህር ይህን ሲያይ ቆም ብሎ ያነባል። "ውጭ ያለ ሰው ስለ ሐረር ምን አገባው?" ለሚሉ ወንድሞች መልሳችን ይህ ነው። አንባቢው የሚፈልገው ችግርን አይቶ፣ ተረድቶ የሚፈታ ሰው ነው። እኛ ደግሞ ከማንም በላይ የምንረዳው የራሳችንን ሰፈር ችግር ነው።

ሌላ ምሳሌ። በሐረር ያለ የትኛውም መዝገብ ቤት ስም ፍለጋ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያውቃል። በዐረብኛ አንድ ዓይነት የሚጻፈው ስም በእኛ ፊደል ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሀመድ ሆኖ ይገኛል። ዐብዱላሂ በዓይኑ ዐ ሲጻፍ ለኮምፒውተሩ ከአብዱላሂ ፍጹም የተለየ ስም ነው። በቁቤ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። ስሙ በምንም ዓይነት ቢጻፍ ትክክለኛውን መዝገብ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም የሚገርም ጥቅም አለው። መድረሳም የመንግሥት ትምህርት ቤትም የተማረ ልጅ ሐና ሀ በዐረብኛ ለምን እንደሚለያዩ፣ በአማርኛ ለምን እንደተቀላቀሉ ያውቃል። ይህ በየትኛውም ኮርስ የማይገኝ ዕውቀት ነው። ፍተሻውን ግን በፈጠርናቸው ስሞች እንሥራው። የሰው መዝገብ አማና ነው፤ ለልምምድ አይወሰድም።

የሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየምና ብዙ ቤተሰቦች ያሏቸው የእጅ ጽሑፎችም የሚያጓጉ ሥራዎች ናቸው። ርዕሱን በዐረብኛ፣ ማብራሪያውን በአማርኛ የሚይዝ መዝገብ ለመሥራት፣ ከቀኝ ወደ ግራና ከግራ ወደ ቀኝ የሚጻፉ ፊደሎችን በአንድ መስመር ማስማማት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ግን ፈቃድ ከኮድ ይቀድማል። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ መጫን ለፖርትፎሊዮ የሚሆን ሥራ አይደለም።

ሥራውን ከመረጥን በኋላ የሚቀረው አመዘጋገቡ ነው። ጊት የሚባለው መሣሪያ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚሁ ያገለግላል፤ እያንዳንዱን ለውጥ ከነቀኑና ከነሠሪው ይይዛል። በአንድ ቀን ሙሉው የተጫነ ፕሮጀክት አንባቢውን ያጠራጥራል። በሦስት ወር ውስጥ በትንንሽ እርምጃ ያደገ፣ ስህተቱ ታይቶ የታረመበት ሥራ ግን ባለቤቱን ይመሰክርለታል። ከኮዱ ጋር የሚቀመጠው መግለጫ አራት ነገር ይበቃዋል፤ ለማን ተሠራ፣ እንዴት ይነሳል፣ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም። አራተኛውን ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። ነገር ግን ጉድለቱን አውቆ የጻፈ ተማሪ ፕሮግራሙን በእርግጥ እንደፈተሸው የሚታወቀው በዚያ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። የድጋፍ ደብዳቤ የምንለምናቸው መምህራን ብዙ ተማሪ አለባቸው፤ የማያውቁንን ልጆች "ጎበዝ ነው" ከማለት በቀር ምን ይጽፋሉ? ሥራችንን ሁለት ሦስት ጊዜ አሳይተን አስተያየታቸውን ከተቀበልን ግን የሚጽፉት ያዩትን ነው።

"ላፕቶፕ የለንም፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ መብራት ይጠፋል" የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፤ አናስተባብለውም። የመረጥናቸው ምሳሌዎች ግን ኃይለኛ ማሽንም የማያቋርጥ ኢንተርኔትም አይፈልጉም። በግቢው ላብ የሚሠሩ፣ በፍላሽ የሚያዙ ናቸው። ጊትም ያለ ኢንተርኔት ይመዘግባል፤ ኔትወርክ ሲገኝ መጫን ነው። ላፕቶፕ ያለን ልጆች ደግሞ ለሌለው ወንድማችን፣ ለሌላት እህታችን በሳምንት ሁለት ሰዓት ብናካፍል አንጎዳም።

"ሥራን ማሳየት ሪያእ አይሆንም ወይ?" የሚሉም አሉ። ኒያን የሚያውቀው አላህ ነው። ሥራን ለሚመረምረው ሰው ማቅረብ ግን ደረሳ ኡስታዙ ፊት ከመቅራቱ አይለይም። የበለጠ ልንፈራው የሚገባው የሌላውን ሥራ በስማችን ማቅረብን ነው። ፋይናል ፕሮጀክት በገንዘብ አሠርቶ ማስገባት፣ አምስት ሆነን የሠራነውን እያንዳንዳችን "ብቻዬን ሠራሁት" ማለት፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የጻፈውን ሳያነቡ መጫን። መሣሪያው ቢያግዘን ነውር የለበትም፤ እንዳገዘን እንጻፍ። የገባንን እንጂ ያልገባንን መስመር አንተው። ቃለ መጠይቅ ላይ "ይህን ለምን እንዲህ አደረግከው?" ተብሎ ዝም የሚል ልጅ የሚያስወቅሰው ራሱን ብቻ አይደለም፤ ከዚሁ ግቢ ከኋላው የሚያመለክተውም ጥርጣሬው ይተርፈዋል።

ስለዚህ ለጀመዓችን ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከዐስር በኋላ አንድ ልጅ ኮዱን የሚያሳይበት፣ ሌሎቻችን የምንጠይቅበት አንድ ሰዓት ይኑረን፤ እህቶችም ባመቻቸው መንገድ እንዲሁ። ሁለተኛ፣ ከሐረር መስጊዶች፣ መድረሳዎችና መዝገብ ቤቶች "ይህ ቢሠራልን" የሚሉትን ጠይቀን ዝርዝር እንያዝ፤ ሦስተኛ ዓመት የገባ ሁሉ ከዚያ አንድ ይምረጥ። ሦስተኛ፣ ተመርቆ የሚወጣ ሥራውን ለሚቀጥለው ልጅ ያስረክብ። ስኮላርሺፕ አግኝቶ የሄደ ልጅ የሠራው ሰንጠረዥ በሚቀጥለው ረመዷንም መታተም አለበት፤ የሚያትመው ሰው ካልቀረ ግን ይቋረጣል።

ማመልከቻው ተቀባይነት ያገኝ ይሆናል፣ ላያገኝም ይችላል፤ ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው። ሰንጠረዡ ግን ግድግዳው ላይ አለ፤ ጿሚው በሰዓቱ ይይዛል፣ በሰዓቱ ያፈጥራል። የመጀመሪያውን ስብሰባ ከመጪው ጁሙዓ ሶላት በኋላ እናድርግ። ሐሳብ ያለው ሐሳቡን፣ ኮድ የጀመረ ኮዱን ይዞ ይምጣ።

ወቢላሂ ተውፊቅ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።