አዝማሪስ ብዕር ቢይዝ?

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን ይህች ገጽ ለአዝማሪ ወሬ እንዳትባክን ሲያሳስቡ አነበብኩ። ለሳቸው ደራሲ ሌላ፣ ዘፋኝ ሌላ ነው። ፍጹም ስሕተት!

አያሌው መስፍን ከጥቁር አንበሳ ባንድ ጋር ሮክና ፋንክን ከአገር ዜማ አዋሕዶ ይጫወት ነበር። ደርግን የሚነካ ዘፈን በካሴት ቢበትን ታሰረ፤ እንዳይዘፍንም ታገደ። ሥራዎቹን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። እኛ የት ነበርን? ካሴት በካድሬ እጅ ይሰባበራል፤ የሚጽፍለት ሰው ይሻል።

ተስፋዬ ለማ ይህ የገባው ሰው ነበር። በኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆን፣ ክራርንና ዋሽንትን በአንድ መድረክ አሰልፎ መራ፤ ግጥምና ዜማ ደረሰ፤ በደርግ ዘመን አሜሪካ ተሰደደ፤ ስለ ሙዚቃችንና ስለ ሙዚቀኞቻችንም መጽሐፍ ጻፈ። ታዲያ ወንድማችን ይህን ሰው ከየትኛው ወገን ሊመድቡት ነው? ከደራሲ ወይስ ከአዝማሪ?

እዚሁ ቁረይሻ ማታ ማታ የሚንጎራጎረውን ያዳምጡ። መተማን ሳይሻገሩ የቀሩት ስማቸው የሚነሣው በዚያ እንጉርጉሮ ብቻ ነው። (እኔም አስተማሪ ነኝ እያልኩ አንዱን እንኳ አልጻፍኩም፤ አፍራለሁ።) ለእንጉርጉሮው ከሚቀጥለው እትም ሁለት ገጽ እጠይቃለሁ። ወረቀት ጠፋ ከተባለ የኔ ጽሑፍ ይቅር።