ስእለቱ የእናት፣ ጥሪው የልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የተዋሕዶ ልጆች፣ ዛሬ ስለ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ላነጋግራችሁ እወዳለሁ። በሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፍ ውስጥ ልብ ወለድ መነሣቱ የሚገርማቸው እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ በመካከላችን ሁለት አመለካከት አለና። አንደኛው «ልብ ወለድ ልብ ይሰርቃል፤ ጊዜህን ለገድልና ለድርሳን ስጥ» ይላል። ሁለተኛው በአፍ እምብዛም አይነገርም፤ በብዙ ወጣቶች ልብ ውስጥ ግን ተቀምጧል፤ ሰው አደገ የሚባለው የእናት አባቱን ሃይማኖት ትቶ ሲወጣ ነው የሚል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ምክንያቴን ሁላችሁም ቢያንስ በስሙ በምታውቁት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» በኩል ላስረዳችሁ።

መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ደራሲው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የካህን ልጅ ሆነው የተወለዱ፣ በአብነት ትምህርት ቤት እስከ ቅኔ የዘለቁ፣ ኋላም በጠላት ወረራ ዘመን ተማርከው በጣልያን አገር የታሰሩ፣ ከነጻነት በኋላ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ስለ ቤተ ክርስቲያን የጻፉት ከውጭ ሆነው አይደለም፤ ውስጧን ያውቁታል። መጽሐፉን ያላነበበ እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል፤ አሁን ደግሞ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ያየው ብዙ ነው። ስለዚህ «ልጆቻችን አያንብቡት» ብንል እንኳ ታሪኩ በሌላ በር ገብቷል። ከገባ ደግሞ አብረን ብንነጋገርበት ይሻላል።

ብዙዎች መጽሐፉን የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርገው ያስታውሱታል። ለእኔ ግን ከሁሉ በፊት የአንድ ልጅ የዕድገት ታሪክ ነው። የማንኩሳዋ ውድነሽ በጣሙ እና ቦጋለ መብራቱ በስተርጅና የወለዱት በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ፣ እናቱ እንዳይሞትባት ፈርታ ለእግዚአብሔር ተሳለችው፤ በሕይወት ቢያድግላት ሳያገባ ዕድሜውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል። ልጁ አደገ፤ ተማረ፤ ዲማ ወርዶ ቅኔ ተቀኘ፤ ሊቅ ተባለ። ስእለቱም ከእርሱ ጋር አደገ። በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር በገባ ጊዜና ልቡ በእርሷ በተያዘ ጊዜ፣ ያ እርሱ ያልተሳለው ስእለት በሕሊናው ላይ እንደ ድንጋይ ተጫነው።

ውድነሽን ለመውቀስ አትቸኩሉ። በእኛ በጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴ ስእለት የማያውቅ ቤት የለም። ልጅ የታመመባት እናት፣ ዝናብ የቀረበት ገበሬ፣ መንገድ የወጣ ልጅ ያላት አሮጊት ሁሉም ይሳላሉ። ሲደርስላቸውም ጧፉን፣ ዕጣኑን፣ ጃንጥላውን፣ የመቅደሱን መጋረጃ ይዘው ለንግሥ ይመጣሉ፤ እልልታው የሚቀልጠው ለዚህ ነው። ይህ ትልቅ እምነት ነው። ግን ልብ በሉ፤ ጃንጥላ ልብ የለውም። መጋረጃ አድጎ «እኔስ ምን ልሁን?» ብሎ አይጠይቅም። ልጅ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ መጽሐፍ ቅዱስን እንግለጥ። ሐናም ተስላ ነበር፤ ልጅ ብትሰጠኝ ዕድሜውን ሙሉ ለአንተ እሰጠዋለሁ ብላ። ጡት ባስጣለችውም ጊዜ ሳሙኤልን ወደ ሴሎ ወስዳ ለካህኑ ለዔሊ ሰጠችው። ብዙ ጊዜ ስብከታችን እዚህ ያበቃና «እናቶች ሆይ እንደ ሐና ሁኑ» እንላለን። ታሪኩ ግን አያበቃም። ሳሙኤል በቤተ መቅደስ እያገለገለ፣ የእግዚአብሔር መብራት እየበራ በዚያው እየተኛ፣ ገና እግዚአብሔርን አላወቀም ነበር ይለናል መጽሐፉ (1ሳሙ. 3፥7)። አስቡት! በቤተ መቅደስ ያደገ፣ እናቱ የተሳለችው፣ የበፍታ ኤፉድ የለበሰ ልጅ ገና አላወቀም። ያወቀው በሌሊት በስሙ በተጠራ ጊዜ ነው። ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ ሮጠ፤ ዔሊም በመጨረሻ የሚጠራው ማን እንደ ሆነ በተረዳ ጊዜ አንድ ነገር አደረገ፤ ልጁ ተመልሶ እንዲተኛና ራሱ እንዲመልስ ነገረው። ዔሊ በሳሙኤል ፈንታ «አቤት» አላለም።

የእመቤታችንም ነገር እንዲሁ ነው። ኢያቄምና ሐና በስእለት ያገኟትን ልጅ በ3 ዓመቷ ወደ ቤተ መቅደስ አስገቧት፤ ታኅሣሥ 3 ቀን በዓታ ብለን የምናከብረው ይህን ነው። 12 ዓመት በቤተ መቅደስ ኖረች። መልአኩ የምሥራቹን ይዞ በመጣ ጊዜ ግን የሄደው ወደ ወላጆቿ አይደለም፤ ወደ እርሷ ነው። ጠየቀች፤ ተረዳች፤ ፈቃዷንም የሰጠችው በገዛ አንደበቷ ነው (ሉቃ. 1፥38)።

አንድ ብልህ ወጣት እዚህ ላይ «እንግዲያው እኔም በ40 ቀኔ፣ እኅቴም በ80 ቀኗ የተጠመቅነው ሳንጠየቅ ነው፤ እኛስ ከበዛብህ በምን እንለያለን?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቁጣ የሚመለስም አይደለም። ጥምቀት የተሰጠን ልጅነት ነው። ልጅነት ደግሞ የሚዘጋብን መንገድ የለም፤ ማንም ሕፃን ወተት ከመጥባቱ በፊት ፈቃዱን አልተጠየቀም። በጥምቀት ውስጥ ሆኖ አንዱ በተክሊል ያገባል፤ ሌላው ይመነኩሳል፤ ሁለቱም በቤቱ ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ጋብቻና ስለ ድንግልና ሲጽፍ ለእያንዳንዱ ከእግዚአብሔር የራሱ ስጦታ እንዳለው ያስተምራል (1ቆሮ. 7፥7)። የውድነሽ ስሕተት ልጇን ለእግዚአብሔር መስጠቷ አይደለም፤ እርሱማ የእናት ሁሉ ሥራ ነው። ስሕተቷ የሰጠችውን ልጅ እግዚአብሔር በምን እንዲጠቀምበት እርሷ መወሰኗ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው እንኳ ልመንኩስ ባለ ጊዜ ወዲያው ቆብ አትሰጠውም፤ በአመክሮ ታቆየዋለች፤ ራሱን እንዲመረምር ጊዜ ትሰጠዋለች። ለአዋቂ ይህን ያህል የምትጠነቀቅ ቤተ ክርስቲያን ለሕፃን በእናት አፍ የተገባ ምንኩስናን እንዴት ታያለች ብላችሁ ታስባላችሁ?

ስለ በዛብህ ስናነሣ ግን ሰብለ ወንጌልን እንረሳታለን። እርሷን ማንም አልተሳላትም። የታሰረችው በአባቷ ኩራት ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር የሚመጥናት እያሉ የሚመጣውን ሁሉ ሲመልሱ ልጅቱ ዕድሜዋ አለፈ። ደግሞም መጽሐፉን በጥንቃቄ ላነበበ ሰው፣ ሁለቱን በመጨረሻ ያለያያቸው ስእለቱ ሳይሆን ይህ የዘር ትዕቢት ነው። በዛብህ ሌሊት አገር ጥሎ የሸሸው ከፊታውራሪው ቁጣ ነው። እንግዲህ እኛ ስለ መጽሐፉ ስንከራከር ውድነሽን እንወቅሳለን፤ ቤተ ክርስቲያንንም የሚወቅስ አለ፤ ፊታውራሪውን ግን «የድሮ ሰው» ብለን እናልፋቸዋለን። የድሮ ሰው ናቸውን? ዛሬስ ሽማግሌ በተላከ ጊዜ ከሃይማኖቱና ከጠባዩ አስቀድሞ «ዘሩ ማን ነው?» የሚል ድምፅ በቤታችን አይሰማምን? የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ከአንድ ጽዋ ተቀብሎ ወጥቶ በደጀ ሰላሙ ዳር ብቻውን የሚቆምበት ሰንበት የለምን? በስእለት የታሰሩ ልጆች ጥቂት ናቸው፤ በዚህ የታሰሩት ብዙ ናቸው፤ ሰንበት ትምህርት ቤታችንም ስለዚህ የሚናገረው ከሚገባው ያነሰ ነው።

ወደ ሌላው ነገር ልለፍ። «ማደግ ከሃይማኖት መውጣት ነው» የሚለው አስተሳሰብ በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የአየርላንዱ ጄምስ ጆይስ በ1916 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልብ ወለድ በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ያደገው ልጅ በስብከት ይደነግጣል፤ ይጾማል፤ ይጸልያል፤ ክህነት ይቀርብለታል፤ በመጨረሻም ትቶ አገር ለቅቆ ይሄዳል። መጽሐፉ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን የአንድ ሰው መንገድ እንጂ የዕድገት ሕግ አይደለም። ከእርሱ ቀደም ብሎ ኦርቶዶክሳዊው ሩሲያዊ ዶስቶየቭስኪ በ1880 እ.ኤ.አ. በፈጸመው «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ውስጥ ሌላ ወጣት አለ፤ አልዮሻ ይባላል። በገዳም በአንድ ቅዱስ አረጋዊ እግር ሥር ይኖራል። አረጋዊው ግን ከመሞታቸው በፊት ወደ ዓለም እንዲወጣ ያዝዙታል። ሲሞቱም ሕዝቡ ተአምር ሲጠብቅ ሥጋቸው ፈጥኖ ይሸታል፤ የወጣቱም ልብ ይናወጣል። ይሁን እንጂ በዚያ መናወጥ ውስጥ እምነቱ የራሱ ይሆናል፤ ከገዳሙም የሚወጣው ታዝዞ እንጂ ክዶ አይደለም። እንግዲህ ከበር መውጣት ሁሉ ከቤቱ መለየት አይደለም።

ደግሞስ ሩሲያ ምን አስኬደን? ነፋስ መውጫ ላይ ቆመን ዙሪያችንን እንመልከት። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተ ልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቷ ዙር አባ በዚሁ በጋይንት ምድር ናቸው። ወደ እነዚህ ደጆች ከየአገሩ የመጡት ተማሪዎች እንዴት መጡ? ስንቱ ከወላጆቹ ተደብቆ፣ በሌሊት፣ ከብት ሊያግድ እንደወጣ ቀርቶ ነው! አባቱ በሬ እንዲጠምድለት ፈልጎ፣ እናቱ እንዳትለየው አልቅሳ፣ እርሱ ግን ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ውሻ እየጮኸበት «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በማያውቀው አገር አደገ። በማያውቁት መካከልም «ጎጃሜው»፣ «ወሎዬው» በሚል ስም ይጠራል፤ ማንነቱን በአገሩ ስም ይዞ፣ ሰውነቱን በመምህሩ እግር ሥር ይሠራዋል። ድጓን በቃል መያዝ፣ ከዚያም በእጅ መጻፍ ዓመታትን ይጠይቃል። በብርድና በረኃብ ያን ያህል ዘመን የሚያቆየው የእናት ስእለት ብቻ አይመስለኝም። ታሪኩ የበዛብህ ግልባጭ ነው፤ በዛብህን እናቱ ሰጠችው፤ ይህኛው እናቱ ሳትፈቅድ ራሱን ሰጠ። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው በመጽሐፍ ባያቆዩልን ኖሮ፣ የዚህ ዓይነቱ የተማሪነት ሕይወት ምን ያህል ጣዕምና ሳቅ እንዳለው ባላወቅን ነበር። እንደዚያ ያለ መጽሐፍ ከጋይንት ሊቃውንት አንደበት ገና አልጠገብንም፤ ስልክ ያላችሁ ወጣቶች ድምፃቸውን ለመቅረጽ ምን ትጠብቃላችሁ?

በመጨረሻ የማነሣው ወላጆችንና አገልጋዮችን የሚያሳስበውን ነው። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካህናትና ልማዳቸው ይነቀፋሉ፤ ልማድን በመንቀፉ «ጉዱ» የተባለው ካሣም ብዙ መራራ ቃል ይናገራል። «ልጁ ይህን ቢያነብ ይሰናከላል» የሚል ፍርሃት አለ። የፍርሃቱ ምክንያት ይገባኛል። ግን እንደገና ወደ ሴሎ እንመለስ። የዔሊ ልጆች ኦፍኒና ፊንሐስ የመሥዋዕቱን ሥጋ በግድ የሚወስዱ፣ በድንኳኑ ደጅ የሚያመነዝሩ ካህናት ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን አልሸሸገም፤ ከሳሙኤል ጥሪ ቀጥሎ ሳይሆን ከጥሪው በፊት ጽፎታል። ሐና ልጇን የሰጠችው እነዚህ ወዳሉበት ቤት ነው። ሳሙኤልም ያደገው ነውራቸውን እያየ ነው፤ በመጀመሪያው ራእዩ የሰማውም የዚያን ቤት ፍርድ ነው፤ ቤቱን ግን አልለቀቀም። እኛ ለወጣቶቻችን ነቀፋ የሌለበት ታሪክ ብቻ ብንሰጣቸው፣ ነቀፋውን በመንገድ ላይ ባገኙት ቀን የሚይዙት አይኖራቸውም።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች መጽሐፉን ከአንደኛ ሳሙኤል መጀመሪያ ምዕራፎች ጋር ጎን ለጎን ያንብቡት፤ ሲያነቡም ከመምህር ወይም ከንስሓ አባት ጋር ይነጋገሩበት። ልጃችሁን የተሳላችሁ እናቶችና አባቶች ካላችሁ ደግሞ ነገሩን ለብቻችሁ አትያዙት፤ ለልጁም ድንገት በቁጣ ቀን አትንገሩት። ወደ ንስሓ አባታችሁ ሂዱ፤ የተሳላችሁትን ንገሩ፤ ምክራቸውን ስሙ፤ ልጁም አፉን ፈትቶ የሚናገርበት ጊዜ ይኑረው። ሳይሳሉ መቅረት ተስሎ ካለመስጠት እንደሚሻል መጽሐፈ መክብብ አስቀድሞ መክሮናል (መክ. 5፥5)፤ ይህ ምክር ለሰው ልጅ ሲሆን ከጃንጥላው ይልቅ ይከብዳል።

መጽሐፉን ስትዘጉት አንድ ነገር አስተውሉ። እናቱ ለምናኔ የተሳለችው በዛብህ አልመነኰሰም። ማንም ያልተሳላት፣ በአባቷ ቤት ለሹማምንት ሚስትነት ስትጠበቅ የኖረችው ሰብለ ግን በመጨረሻ መነኰሰች። ኀዘን ነው ያመነኰሳት የሚሉ አሉ፤ ይሆናል። ነገር ግን ቆቡን የደፋችው በራሷ እጅ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።